ከኪፒሪንሃ ወደ ሌላ ላውንቸር ልዛወር ወይስ ልቆይ? ምክራችሁን እሻለሁ
ጤና ይስጥልኝ። በዊንዶውስ ኮምፒውተሬ ላይ ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን የምከፍተው ኪፒሪንሃ በተባለው ላውንቸር ነው፤ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኬን አንድ ላይ ተጭኜ የደንበኛውን ስም ሁለት ሦስት ፊደል ስጽፍ የሒሳብ ፋይሉ ወዲያው ይመጣልኛል፣ አዘውትሬ የምመርጠውንም አስታውሶ ከላይ ያስቀምጥልኛል። የዕለት ሥራዬ በእሱ ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የሚያሳስበኝ የፕሮግራሙ የወደፊት ዕጣ ነው። 2.26 የተባለው ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ የዋናው ክፍል ሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ) ለሁሉም ክፍት ስላልሆነ አዘጋጁ ቢተወው ሌላ ሰው ተረክቦ ሊያስቀጥለው አይችልም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 በማብቃቱ ወደ 11 መሸጋገሬ አይቀርም፤ ዛሬ ያለ እንከን ቢሠራም፣ ከአንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ ቢቆም ማን ያስተካክለዋል?

ፍሎው ላውንቸር የተባለው ሌላ ላውንቸር ሶርስ ኮዱ ክፍት በመሆኑና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ተጨማሪዎችን ስለሚቀበል ቀልቤን ስቦታል። ሁለቱንም የተጠቀማችሁ ካላችሁ፣ በኪፒሪንሃ ኢኒ ፋይል (ቅንብሩ በሚጻፍበት የጽሑፍ ፋይል) ያዘጋጀኋቸውን የፎልደር ዝርዝሮች እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ይለኝ እንደሆነ፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይስ ይከብድ እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።