ኦርጋን ቀርጾ መልሶ ለመስማት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የትኛው መንገድ ያዋጣል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373 ኦርጋን አለኝ። የምጫወተውን ጥርት አድርጌ ቀርጬ መልሼ መስማት እፈልጋለሁ። ስቱዲዮ ልግባ፣ ቪዲዮ ቤት ልሂድ ወይስ ፍላሽ የሚቀበል ኦርጋን ልቀይር? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጠቁሙኝ።

መልስ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ኦርጋኑን ለመቀየር አትቸኩል። ኢ373 የፍላሽ መሰኪያ የለውም፤ በውስጡ የሚይዘውም 5 ቅጂ ብቻ ነው። ነገር ግን ከጀርባው ያለው የኮምፒውተር መሰኪያ ድምፁን ራሱን በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ተለይቶ) ያወጣል። የሚያስፈልግህ ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብተህ «የፕሪንተር ገመድ» በል። በዚህ መንገድ ማይክ የለም፣ የክፍል ማስተጋባት የለም፣ የባጃጅ ጩኸት የለም። ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ከሆነ የያማሃን ዩኤስቢ ድራይቨር (ላፕቶፑ ኦርጋኑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ቀድመህ ጫን። መቅጃ ሶፍትዌሩ ኦዳሲቲ ይሁን፤ ነፃ ነው። ምንጩን ኦርጋኑ ላይ አድርግ፣ ስቴሪዮ ምረጥ፣ መጠኑን 44100 አድርግ። እየቀረጸ ድምፁን መልሶ የሚያሰማውን ምርጫ አጥፋው። ካላጠፋኸው ቁልፉን ከነካህ በኋላ ሁለተኛ ድምፅ ዘግይቶ ይመጣና ከሪትሙ ያወጣሃል።

ኦርጋኑ በውስጡ የሚቀርጸው ግን ድምፅ አይደለም፣ ሚዲ ነው፦ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተነካ። ስለዚህ በ120 ፍጥነት የተጫወትከውን ባቲ ወደ 80 አውርደህ ብታሰማ ቃናው አይወርድም፤ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ጉድለቱ፣ ሌላ ሞዴል ኦርጋን ላይ ስታጫውተው መሣሪያዎቹ ይለወጣሉ፤ ማሲንቆ ብለህ ያስገባኸው ድምፅ እዚያ ከሌለ ሌላ ነገር ይወጣል። ማይክ ላይ የተዘፈነውም ሚዲ ውስጥ አይገባም። ለሰው የሚላክ ከሆነ ድምፁን ቅረጽ፣ ለልምምድና ለማስተካከል ከሆነ ሚዲውን።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሰርግ የሚሠራ ሰው ግን ላፕቶፕ ተሸክሞ አይዞርም። ለእሱ ፍላሽ ላይ የሚቀርጽ ይሻለዋል፦ ከያማሃ ርካሾቹ ኢ473፣ ከፍ ካለ ኤስኤክስ600 ወይም ኤስኤክስ900። ኤስኤክስ900 ሪትሙንም፣ እጅህንም፣ ኦርጋኑ ላይ የተሰካውን ማይክም አንድ ላይ ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 80 ደቂቃ። ዋቭ ፋይል (ያልተጨመቀ ድምፅ) በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ 80 ደቂቃው ወደ 850 ሜጋባይት ይሆናል። 16 ጊጋ ፍላሽ እንዲህ ያለ ቅጂ ወደ 18 ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አትግዛ። 64 ጊጋ የሆኑት ብዙውን ጊዜ ኦርጋኑ በማያውቀው አሠራር ፎርማት ሆነው ነው የሚመጡት። ፍላሹን እዚያው ኦርጋኑ ላይ ፎርማት አድርገው፤ ያለበትን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አትርሳ። «128 ጊጋ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ሳትከፍል በፊት ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ፊልም ገልብጠህበት መልሰህ ክፈተው።

አሁን ዋናው፣ መብራት። ኤስኤክስ ላይ የቀረጽከውን ሚዲ «ሴቭ» ሳትል መብራት ከሄደ ሁሉም ይጠፋል። ድምፅ ከሆነም ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር ላይከፈት ይችላል። የኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ግዛ፣ 650 ቪኤ ይበቃል፤ ኦርጋኑን ብቻ ሰካበት፣ ስፒከሩን በፍጹም አትሰካ። ኢ373ና ኢ473 በ6 ትንንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ ነገር ግን አዳፕተሩ በቅጂ መሀል ሲነቀል ወይም ሲሰካ ኦርጋኑ ሊጠፋ እንደሚችል ያማሃ ራሱ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ በባትሪ ከሆነ ከመጀመሪያው በባትሪ፣ በመብራት ከሆነ በዩፒኤስ። አዳፕተሩም የራሱ ይሁን፤ የኤስኤክስ900 16 ቮልት ነው፣ የኢ473 12 ቮልት። «ጫፉ ይገባል» ብሎ የሚሸጥልህን አትስማ።

መልስ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ስለ ስቱዲዮና ቪዲዮ ቤት ማንም አላነሳም። ቪዲዮ ቤት ሥዕል ነው ሙያው፤ ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ከቀረጸ የምትሰማው አዳራሹን ነው። ቪዲዮ ቤት ስትመርጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከሚክሰሩ በገመድ ትወስዳላችሁ?» አንወስድም ካሉህ ድምፁን አንተ ፍላሽ ላይ ቅረጽ፣ መጀመሪያ ላይ ካሜራ ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭብ፤ ኋላ ጭብጨባውን ከጭብጨባው አገናኝተው ይገጥሙታል።

ስቱዲዮ የሚያዋጣው ዘፋኝ ሲኖር ነው። ስትገባ ኦርጋኑ የግራና የቀኝ መሰኪያ ካለው ከሁለቱም ገመድ ይወሰድ፤ ግራው ብቻ ከተሰካ ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ ድምፅ) ነው የሚወጣው። የአንተ ኢ373 ግን ያለው አንድ የኢርፎን መሰኪያ ነው። ፋይሉን በዋቭ ተቀበል፣ ኤምፒ3 ብቻ አይስጡህ። የስቱዲዮ ሰዓት ለመቆጠብ ደግሞ፣ ሚዲውን ቤትህ አስተካክለህ ጨርስ፣ ኦርጋኑን ራሱን ይዘህ ሂድ። እያጫወትክ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ አስቀርጽ። እንዲህ ከሆነ ከበሮው ዘፋኙን ቢጫነው ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ላይ ከተቀረጸ ግን በጥራት መለየት ይከብዳል።

ሳውንድ ካርድ (የኦርጋኑን ድምፅ በገመድ ተቀብሎ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ዕቃ) ከገዛህ ደግሞ ልብ በል፦ ቤሪንገር ዩኤም2 ሁለት መሰኪያ አለው፣ ግን አንዱ ለማይክና ለመስመር፣ ሌላው ለጊታር የተሠራ ነው፤ የኦርጋን ግራና ቀኝ እኩል አይገባበትም። ዩኤምሲ202ኤችዲ ወይም ስካርሌት 2አይ2 ሁለቱም መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ለዚህ ሥራ እሱን ውሰድ። ድምፁ ከፍ ሲል እንኳ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ፤ ቀይ ከነካ የተሰነጠቀውን ኋላ በደንብ መጠገን ይከብዳል። ስልክ ላይ በኢርፎን ቀዳዳ በቀጥታ መሰካት ደግሞ ተዉት፤ የቀዳዳው የድምፅ መግቢያ ለማይክ የተሠራ ሞኖ ነው፣ የኦርጋኑ ድምፅ ይበዛበትና ይፈነዳል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ገመዱን ሰክቼ ሞከርኩት፣ ይሠራል። ሁለት ችግር ግን አለ፤ ከስፒከሩ ጋር ሳገናኘው «እምምም» የሚል ድምፅ አለ፣ አንዳንድ ቁልፍ ደግሞ በቀስታ ስነካው እንኳ ይጮሃል።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ «እምምም» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከላፕቶፑ ቻርጀር ነው የሚመጣው። ንቀለውና ስማ፤ ከጠፋ በባትሪ ቅረጽ፣ ወይም ላፕቶፑንም ሚክሰሩንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ። ካልጠፋ ዲአይ ቦክስ (በኦርጋኑና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ተከራይና የግራውንድ ማብሪያውን ቀይር።

ቁልፉ የሚጮኸው በአቧራ ይመስለኛል። ከያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ጥቁር ንክኪ አለ፤ ኦርጋኑ ጉልበትህን የሚለካው በሁለቱ መካከል ባለፈው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቆሽሾ ከዘገየ ጊዜው ያጥርና «በኃይል መታኝ» ይላል። ጥገና ቤት ስትወስደው «ኪቦርዱ ይቀየር» ካሉህ ሌላ ቤት ሂድ። የሚፈለገው ጎማውን አውጥቶ በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል በቀስታ መጥረግ፣ አድርቆ መመለስ ነው፤ ጥቁሩን ነጥብ መፈግፈግ የለበትም፣ ካርቦኑ ይነሳል። ጥገናውን የምትረከበው ሚዲ ቀርጸህ ነው፤ ሁሉንም ቁልፍ በእኩል ጉልበት ነክተህ መልሰህ ስማው፣ አንዱ ከጮኸ እዚያው ይታይልህ።

ከደሴ ወደዚህ ካወረድከው ደግሞ፣ ከ2,500 ሜትር ወደ 1,850 ገደማ ነው የምትወርደው። ጠዋት በብርድ የጫንከው ኦርጋን ሙቀት ሲያገኝ ውስጡ እርጥበት ሊይዝ ይችላል፤ ከነሻንጣው ጥቂት ሰዓት አቆየውና ከዚያ አብራው።