ሐምሌ 27 ሆኗል፣ ቀኔ እያለቀብኝ ነው! እንዴት ላደራጀው?

ሒሳብ ክፍል ብቻዬን፦
እባካችሁ አሁኑኑ የምትረዱኝ። የሰኔ ቫት (ተጨማሪ እሴት ታክስ) እስከ ሐምሌ 30 መግባት አለበት። አሁን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ነው። ከ2:30 ጀምሮ ተቀምጬ የመዘገብኩት 11 ደረሰኝ ነው። ካርቶኑ ሙሉውን ይጠብቀኛል። ስልኩ ይጮኻል፣ ቴሌግራሙ ይጮኻል። አንዱ «ይቺን ቼክ ቶሎ ጻፊልኝ» ይላል፣ ሌላው የደመወዝ ማስረጃ ይፈልጋል። መብራትም ሁለት ጊዜ ሄዷል። ትናንት እስከ ማታ 3 ሰዓት ቆየሁ፣ የሠራሁት ግን አይታየኝም። እናንተ ቀናችሁን እንዴት ነው የምትከፋፍሉት? ጭንቅ ብሎኛል።

የመርካቶው፦
አይዞሽ። ስልክሽን ዝጊው። በቃ።

ሁሌ በሰዓቱ፦
እህቴ፣ ይህ የልማድ ጉዳይ ነው። ሰዓት ተጠቀሚ። ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ማጥናት ከብዶት ነበር። የቲማቲም ቅርጽ ያላት የወጥ ቤት ሰዓት ሞልቶ፣ እስክትጮህ ድረስ ከመጽሐፉ ቀና ላለማለት ከራሱ ጋር ተስማማ። ዘዴው «ፖሞዶሮ» የተባለው ለዚህ ነው፤ ቲማቲም ማለት ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። አራት ዙር ሲሞላ ረዘም ያለ እረፍት። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ነው የምሠራው። ሰው ቀኑን ካልመራው ቀኑ ይመራዋል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት የነገውን ጻፊ፣ ጠዋት ተነሺ፣ ቁርስ ብዪ...

ቁጥር ወዳድ፦
ቁርሱ እንኳ ይቆይ፣ ልጅቷ ቢሮ ናት። ደግሞ ወንድሜ፣ 25 ደቂቃ ለደብዳቤና ለንባብ ጥሩ ነው። ባንክ ስታስታርቅ፣ ማለትም መዝገብህን ከባንኩ መግለጫ ጋር ስታመሳክር ግን ልዩነቱን ልታገኘው ስትል ሰዓቱ ይጮኽብሃል፣ ከዚያ እንደገና ከላይ መጀመር ነው። ለሒሳብ ሥራ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያለ ንክኪ ያስፈልጋል።

ዝናብ ወዳድ፦
ስልኩን ዝጊው።

ቦሌ ሚካኤል፦
እኔ ባለፈው ዓመት በሩ ላይ «ኦዲት ላይ ነን» ብዬ ለጠፍኩ። እስከ ምሳ ማንም ዝር አላለም 😂

ሒሳብ ክፍል ብቻዬን፦
ስልክ መዝጋት አልችልም፣ ሥራ አስኪያጁ የሚደውልልኝ በእሱ ነው። ያለብኝም ቫት ብቻ አይደለም። የሐምሌ ፔይሮል (የደመወዝ ዝርዝር) አለ። የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ አለ። የመጋዘን ቆጠራውን ከስቶክ ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ) ጋር ማስታረቅ አለ። ጠዋት መዝጊያውን ጀምሬ፣ አልሆን ሲለኝ ነው ወደ ቫቱ የተመለስኩት።

ከወረቀት ሌጀር ጀምሮ፦
ቆይ ቆይ፣ ልጄ። ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን ጥሩ ነበር። ጥያቄሽን ራሱን ልቃወምሽ፤ አንቺን ያጠረሽ ሰዓት አይመስለኝም። የጥቅምቱን ሥራ ከሐምሌ 30 ሥራ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽዋል። ድርጅቱ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው አይደል? የዓመቱ ትርፍ ግብር ማስታወቂያ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ቆጠራው ራሱ ሰኔ 30 ተካሂዶ፣ ቅጹ ላይ ከተፈረመ ማስታረቁ ነሐሴ ላይ ይደርሳል። ሁለቱንም ዛሬ ካርቶን ውስጥ ክተቺና ቁም ሳጥን ቆልፊባቸው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሰኔ የደመወዝ ግብርና ጡረታ ገብቷል? እሱም ቀኑ 30 ነው። ብዙ ሰው ቫት ቫት ሲል ይረሳዋል። የሐምሌው ግን ደመወዙ ይከፈል እንጂ ግብሩ እስከ ነሐሴ 30 ጊዜ አለው።

ለቫቱ እንዲህ አድርጊ። ደረሰኝ እያነሳሽ ወዲያው አትመዝግቢ። መጀመሪያ ሁሉንም በቀን ደርድሪ። የድርጅቱ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ያልተጻፈበትን፣ የደበዘዘውን ለብቻ አውጪ። ይህን መብራት ሲጠፋ መስኮት አጠገብ ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ። መብራት ሲመጣ መመዝገብ ብቻ ይሆናል። እየደረደሩ መመዝገብ ነው 11 ላይ ያስቀረሽ። ሽያጩ ይቀላል፣ ዜድ ሪፖርቱን (የሽያጭ ማሽኑ የሚያወጣውን የቀን ድምር) ይዘሽ ትጨርሽዋለሽ።

ሥራ አስኪያጁን ደግሞ አሁን ሄደሽ በአካል አናግሪው። «እስከ 30 ድረስ ቼክ የምጽፈው 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ነው፣ አለበለዚያ ቫቱ አይደርስም» በዪው። ቅጣት የሚከፍለው እሱ ነው፣ ይሰማሻል። እኔ ይህን ለማለት ስድስት ዓመት ፈርቻለሁ። የተናገርኩ ቀን «እሺ» አለኝ፣ አለቀ።

ሁሌ በሰዓቱ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ማታ የነገውን መጻፍ።

ሠራተኛ ነኝ፦
ሁላችሁም ቀን ማደራጀት ትላላችሁ፣ ይቺ ልጅ እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው የቆየችው! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እስከ ማታ 4 ሰዓት ላለው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። እህቴ፣ የቆየሽበትን ሰዓት መዝግቢ፣ አስፈርሚ። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ቀን ውስጥ አይገባም።

ከወረቀት ሌጀር ጀምሮ፦
ትክክል ነህ፣ ረዳት ያስፈልጋታል። ያንን ነሐሴ 1 ትጠይቅ። ዛሬ ግን ደረሰኙ ይደርደር።

ዝናብ ወዳድ፦
ቴሌግራሙን እንኳ ድምፁን ዝጊው።

ሒሳብ ክፍል ብቻዬን፦
የሰኔ ጡረታ!! አልገባም። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቁም ሳጥኑን ቆልፌያለሁ። አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ ልገባ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
ቫቱን የግብር ማስታወቂያው ሲስተም ላይ የማስገባቱን ነገር ለ30 አታቆዪው። ያን ቀን ሁሉም ይገባል፣ ገጹ ይጎተታል። 29 ማታ ወይም በማለዳ ይሁን።

ቦሌ ሚካኤል፦
እሺ ምን አለሽ?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ነገር አለብኝ። እኛ ጋ ቆጠራው ሰኔ 30 አልተካሄደም፣ ሐምሌ 8 ነው የተቆጠረው። አሁን ምን ይሻላል?

ከወረቀት ሌጀር ጀምሮ፦
ከሐምሌ 1 እስከ 8 የገባውን ጨምረህ አትቁጠር። የገባውን ከቆጠራው ቀንስ፣ የወጣውን መልሰህ ደምር፤ የሰኔ 30 ሚዛን ይመጣልሃል። የመጋዘን ገቢና ወጪ ቫውቸሮቹን አባሪ አድርግ። አንተም ቢሆን መጀመሪያ ቫትህን ጨርስ።

ቦሌ ሚካኤል፦
@ሒሳብ ክፍል ብቻዬን፣ ዛሬ ነሐሴ 2 ነው። ገባ ወይ?