ኤልኤልኤም ሠርቶ ሶሊሲተር መሆን ይቻላል? ከቱሉ ዲምቱ የመጣ ጥያቄ

የቱሉ ዲምቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንግሊዝ ያላችሁ፣ በተለይ ሕግ የተማራችሁ፣ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። በሕግ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አሁን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነገረ ፈጅ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ካልወጣሁ ሰርቪሱ ጥሎኝ ይሄዳል።

አክስቴ በርሚንግሃም ናት። "ነይና ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ሥሪ፣ ከዚያ እዚሁ ጠበቃ ትሆኛለሽ" ትለኛለች። ከተማ ያነጋገርኩት ኤጀንትም ያንኑ ነው ያለኝ። "አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ሶሊሲተር (የእንግሊዝ ጠበቃ) ሆነሽ ትወጫለሽ" ብሎ የመመዝገቢያ ብር ጠየቀኝ። አባቴ ይሄን ሲሰማ ሰበታ ያለችውን ቦታ ልሽጥልሽ ማለት ጀመረ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። የሚሉኝ ነገር እውነት ነው?

ለገጣፎ ያለሁት፦

እህቴ፣ አባትሽ ቦታዋን አይሽጡ። መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እኔ ለንደን የምሠራ ሶሊሲተር ነኝ። ለእረፍት መጥቼ ለገጣፎ እናቴ ቤት ነው ያለሁት። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ የምጽፈው በስልኬ ነው። ድንገት ከጠፋሁ ባትሪ ጨርሼ ነው።

ኤልኤልኤም ሶሊሲተር አያደርግም። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አልጠላውም፣ ግን ለሶሊሲተርነት ከሚጠየቁት ነገሮች ውስጥ የለበትም። የሚጠየቀው አራት ነገር ነው፦ ዲግሪ (በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ይሁን)፣ ኤስኪውኢ የሚባለው ፈተና ሁለቱም ክፍል፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ እና የጸባይ ማጣሪያ። ዲግሪው አለሽ። ስለዚህ ኤጀንቱ ሊሸጥልሽ የሞከረው ያለሽን ነገር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ኤልኤልኤሙን ከኤስኪውኢ ዝግጅት ጋር አዋህዶ ያስተምራል። ያም ቢሆን ፈተናው ሌላ፣ ዲግሪው ሌላ ነው።

ይህ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ነው። ከዚያ በፊት የውጭ ጠበቆች የሚፈተኑት ለብቻው ነበር። አሁን የኦክስፎርድም ተመራቂ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተመራቂ እኩል ይቀመጣል። ለእኛ ይሄ ጥሩም ክፉም ነው። ጥሩው፣ "የት ተማርክ" ብሎ ፊት የሚነሳሽ የለም። ክፉው፣ የእነሱን ሕግ ከእነሱ ልጆች እኩል ማወቅ አለብሽ።

የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ወረቀት ነው። እያንዳንዱ 180 የምርጫ ጥያቄ፣ በድምሩ 360። አንዱ ወረቀት በአንድ ቀን ያልቃል፦ ጠዋት 90 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ፣ ከሰዓት ሌላ 90። መጽሐፍ ማየት የለም። አምስት አማራጭ ይሰጥሻል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ትክክል ይመስላሉ፣ አንቺ ይበልጥ ትክክለኛውን ትፈልጊያለሽ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከተፈተነው ያለፈው 56 በመቶ፣ በሐምሌ 2025 ደግሞ 41 በመቶ ነው። ከወደቁት መካከል እንግሊዝ ውስጥ ተወልደው ያደጉም አሉ። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ "እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው" እንዳትይ ነው።

እኔን የጣለኝ እንግሊዝኛው አልነበረም፣ የእኛ ሕግ ነው። በደንብ ስለተማርነው ከጭንቅላት አይወጣም። ሦስት ምሳሌ ልስጥሽ።

ውል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ለማቋቋም ችሎታ፣ ፈቃድ፣ ጉዳይ፣ ሲያስፈልግም ፎርም ይበቃሉ። እዚያ ደግሞ "ኮንሲደሬሽን" የሚሉት ነገር አለ። ለገባሁልሽ ቃል አንቺ በምላሹ አንድ ነገር ካልሰጠሽኝ፣ በልዩ ፎርም ካልተጻፈ በቀር ቃሌ ውል አይሆንም። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ሕጋችንን ሲያረቅ ይሄን አላመጣብንም፣ እግዜር ይስጠው።

ውርስ። ባል ኑዛዜ ሳይተው ሞተ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። እኛ ጋ ሚስት ወራሽ አይደለችም። ከጋራ ሀብቱ ድርሻዋን ትወስዳለች፣ የሟች ድርሻ ለልጆች ነው። ልምምድ ላይ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሳላስበው ለልጆቹ ሰጠሁት። በእንግሊዝ ሕግ ግን ሚስት መጀመሪያ የግል ዕቃዎቹንና 322,000 ፓውንድ ትወስዳለች፣ ከዚያ ከተረፈው ግማሹን ትደርባለች። ልጆቹ የሚካፈሉት ቀሪውን ግማሽ ነው። አንድ ጥያቄ ተሳሳትኩ ብዬ ሳይሆን፣ እናቴን እያሰብኩ ነው ያቺን መልስ የማልረሳት።

መሬት። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የመሬት ሕግ ስንማር ይዞታ፣ ሊዝ፣ ካሳ ነው ወሬው። (አባትሽም "ቦታዋን" የሚሉት በሕግ አነጋገር ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ለእሳቸው እንዳትነግሪ።) እዚያ ፍሪሆልድ (ሙሉ ባለቤትነት)፣ ሊዝሆልድ (የረጅም ጊዜ ኪራይ)፣ ሞርጌጅ (የብድር መያዣ)፣ ትረስት (አንዱ ንብረቱን ለሌላው ጥቅም የሚይዝበት) አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይመጣል። ትረስት በእኛም ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አለ፣ ግን ማን አስተምሮን ያውቃል? እነሱ ጋ ደግሞ ቤት ግዢ ላይ ሳይቀር ይመጣል። ሁለት ሰዎች አብረው ቤት ከገዙ ትረስት አለ ማለት ነው። ለዚህ ለብቻው ሁለት ወር ያዢለት።

ሁለተኛው ክፍል የተግባር ነው። 16 ሥራ ይሰጥሻል፣ 12ቱ የጽሑፍ፣ 4ቱ የቃል። ደንበኛ ታነጋግሪያለሽ፣ ደንበኛው ተዋናይ ነው። ዳኛ ፊት ቆመሽ ትከራከሪያለሽ። የበላ ልበልሃ ልጅ ነኝ ብዬ ገብቼ ነበር። እዚያ ግን ነገር በምሳሌ የለም። ነጥብህን ተናገር፣ ማስረጃህን አሳይ፣ ተቀመጥ። የመጀመሪያውን ክፍልና የሁለተኛውን የጽሑፍ ሥራ በተለያዩ አገሮች ባሉ የፒርሰን ቪዩ የፈተና ማዕከላት መፈተን ይቻላል። የትኛው ከተማ ቦታ እንዳለው የሚታወቀው መመዝገቢያው ሲከፈት ነውና አዲስ አበባ ላይ ብቻ አትተማመኚ። የቃሉ ግን እንግሊዝ ወይም ዌልስ ድረስ ሄዶ ነው፣ ቪዛ ይፈልጋል።

ዋጋው ከመስከረም 2025 ጀምሮ የመጀመሪያው 1,934 ፓውንድ፣ ሁለተኛው 2,974 ፓውንድ ነው። ዝግጅቱ ለብቻው ይከፈላል። በብር አላሰላልሽም፣ ዛሬ ያሰላሁት ነገ ይቀየራል። ብዙ ነው። ግን ከኤልኤልኤም የትምህርት ክፍያና ከአንድ ዓመት የእንግሊዝ ኑሮ ጋር ስታስተያዪው ትንሽ ነው። እያንዳንዱን ክፍል በስድስት ዓመት ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል።

የቱሉ ዲምቷ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግራ የገባኝ የሥራ ልምዱ ነው። የሁለት ዓመቱ ሥራ እንግሊዝ ካልሆነ አይቆጠርም አይደል?

ለገጣፎ ያለሁት፦

ይቆጠራል! ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። የሕግ አገልግሎት እስከሆነ ድረስ ውጭ አገርም የተሠራ ይቆጠራል፣ እስከ አራት መሥሪያ ቤት ድረስ መደማመር ይችላል። ነገረ ፈጅ ሆነሽ ውል የምታረቂ፣ ክስ የምታዘጋጂ፣ አስተያየት የምትጽፊ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ችግሩ ፊርማው ነው። ልምድሽን የሚያረጋግጠው የእንግሊዝና ዌልስ ሶሊሲተር መሆን አለበት። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ከሌለ ከውጭ መሆን ይችላል፣ ግን ሥራሽን በቀጥታ ያየ መሆን አለበት። የቅርብ አለቃሽንም ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ ፈልጊው።

ሌላ መንገድም አለ። ነገረ ፈጅነት ብቻውን የጥብቅና ፈቃድ አይደለም። ከፍትሕ ሚኒስቴር የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ አውጥተሽ በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1249 መሠረት ጠበቃ ከሆንሽ፣ እንደ ውጭ አገር ጠበቃ ትመጫለሽ። ያኔ የሁለት ዓመቱን ልምድ አትጠየቂም። ከሁለተኛው ክፍል ነፃ ለመሆንም ማመልከት ይቻላል፣ የሚሰጡት ግን የአንቺን መመዘኛና ልምድ አይተው ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፈቃዱን አወጣ ነበር። ብሄድም ባልሄድም የእኔ ነው።

ሊድስ ያለችው፦

ወንድሜ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አይነግርሽምና።

እዚህ ከደረስሽ ሁለተኛ ሳምንትሽ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያገኙሽ ሰዎች "ሕግ የተማርሽ አይደለሽ? እስቲ ይሄን የጥገኝነት ፎርም ሙይልን" ይሉሻል። እናቶች ናቸው፣ ያሳዝናሉ። እንዳትነኪው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሕግ መሠረት የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። በክፍያም ሆነ በነፃ እንደ ሥራ ከያዝሽው ወንጀል ነው፣ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። ለጸባይ ማጣሪያው ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቢው። ማስተርጎም ሌላ ነው፣ አስተርጉሚላቸው። ከዚያ ፈቃድ ያለው ጋ ውሰጃቸው። እኔ እምቢ ብዬ "ኮራች" ተብዬ ሁለት ዓመት ተወርቶብኛል። ይወራ።

ቡራዩ ያለሁት፦

እኔ ተመልሼ የመጣሁ ነኝ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ተመልሶ የገባው ቂል እየተባልኩ ነው።

ኤልኤልኤሙን የሠራሁት በቼቭኒንግ፣ በእንግሊዝ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። እህቴ፣ ኤልኤልኤም ከፈለግሽ በአባትሽ ቦታ ሳይሆን በዚያ ሂጂ። የትምህርቱን፣ የኑሮውን፣ የአውሮፕላኑን ይሸፍናል። የሚጠይቀው 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው፣ ሦስት ዓመት ከሠራሽ አለሽ። ግን ስትጨርሺ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። እኔ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ መሄድ ረሳሁት። አሁን ጠበቃ ነኝ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቢሮ አለን። ያ 1249 አዋጅ ከመውጣቱ በፊት እኮ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት መክፈት አይችሉም ነበር።

ሌላው፣ ለማስተርስ የሚሄድ ሰው ከጥር 2024 ወዲህ ባል ሚስት፣ ልጅ ይዞ መግባት አይችልም፣ በጣም ጥቂት ከሆኑት በቀር። ያገባሽ ከሆነ ይሄንንም አስቢ።

ለገጣፎ ያለሁት፦

የቡራዩው ትክክል ነው። ከእሱ አነጋገር ተነስቼ ዋናውን ልናገር፣ ባትሪዬ 9 በመቶ ቀርቶታል።

ሶሊሲተር መሆንና እንግሊዝ መኖር ሁለት ነገር ናቸው። ሶሊሲተር ለመሆን እንግሊዝ መኖር ግዴታ አይደለም። እንግሊዝ ለመኖር ደግሞ ሶሊሲተርነቱ ብቻውን አይበቃም። ቪዛውን የሚሰጥሽ ፈተናው ሳይሆን ስፖንሰር የሚሆንሽ ቀጣሪ ነው። ከሐምሌ 2025 ወዲህ የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ መነሻ ደመወዝ 41,700 ፓውንድ ነው፣ ለሙያው የተቀመጠው መነሻ ከበለጠ ደግሞ እሱ ነው የሚታየው። ለጀማሪዎች ቅናሽ አለ፣ 33,400። ተምረሽ ስትጨርሺ ሥራ የምትፈልጊበት የተመራቂ ቪዛ አለ፣ ሁለት ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ 18 ወር ይሆናል። በ18 ወር ፈተናውን አልፈሽ፣ ልምድ ሞልተሽ፣ ስፖንሰር አግኝተሽ? ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል እዚያው ቱሉ ዲምቱ ሆነሽ አልፈሽ ከመጣሽ ግን ቀጣሪ ፊት የምታቀርቢው ነገር አለሽ።

የቱሉ ዲምቷ፦

ዛሬ ለአባቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እኔ እኮ ለዕድሩ ሰው ሁሉ እንግሊዝ ልትሄድ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ" አለኝ። ከዚያ ሳቀ። ቦታዋ ላይ ጎመን ተክሏል፣ ከሸጠ እሱም አብሮ ይሄድ ነበር።

ኤጀንቱ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። ከሰኞ ጀምሮ በደብተር የሠራሁትን ልጽፍ ነው፣ የትኛውን ውል እንዳረቀቅሁ፣ ለማን ምን ምክር እንደሰጠሁ። ጋሼ፣ እንዲህ ነው አይደል?

ለገጣፎ ያለሁት፦

እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ጻፊው፣ ከዓመት በኋላ አስታውሼ እጽፋለሁ ማለት አይሠራም። ደብተሩ ላይ ግን የደንበኛና የተከራካሪ ስም እንዳትጽፊ። ምስጢር ነው። "ደንበኛ ሀ፣ ደንበኛ ለ" በያቸው። ሰርቪስ ላይ ደብተርሽን ብትረሺውስ?