አስቸኳይ! ጋዜጣችን ማተሚያ ቤት ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ተበላሸ

የጋዜጣ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጅማ ነኝ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪ። የኅትመት ጋዜጠኝነት ኮርሳችን ማጠቃለያ በቡድን ባለ 8 ገጽ ጋዜጣ አዘጋጅቶ፣ አሳትሞ ማስረከብ ነው። ነገ ከሰዓት እናስረክባለን። ዛሬ ፋይሉን በፍላሽ ይዘን መርካቶ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ሄድን። ሲከፈት ግን ፊደል የሚባል ነገር የለም! ርዕሶቹ ሳጥን ሳጥን ሆነዋል፣ ውስጡ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ትናንት ማታ ላፕቶፑ ላይ ምንም አልነበረበትም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰውየው «ችግሩ የእናንተ ነው» ብሎ መለሰን። ምን ይሻላል?

ቡና_በጠዋት
ፎንት ጫኑ። አለቀ።

የጅሬን_ልጅ
አቦ ረጋ በይ እህቴ። በምንድን ነው የሠራችሁት? ዎርድ ነው? ፐብሊሸር? ኢንዲዛይን? ፎንቱስ ምንድን ነው? ይዛችሁ የሄዳችሁት ፒዲኤፍ ነው ወይስ ዋናው ፋይል? ይሄን ሳትነግሪን ምኑን ይዘን እንርዳሽ።

የጋዜጣ_ልጅ
ኢንዲዛይን ነው፣ የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም። የወሰድነው ዋናውን ፋይል ነው፣ የሚስተካከል ነገር ካለ እዚያው እናስተካክላለን ብለን። ፎንቱን አላውቅም። ጽሑፉን የጻፍነው አምስት ልጆች ነን፣ ሁሉም በየራሱ ኮምፒውተር። ሌይአውቱ የተሠራበት ላፕቶፕ የአንዱ ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑን ይዞ አጋሮ ቤተሰቦቹ ጋ ሄዷል። የሚገርመው የአፋን ኦሮሞው ገጽ ምንም አልሆነም፣ የተበላሸው አማርኛው ብቻ ነው።

ስልክ_ይበቃል
እኔ የማይገባኝ በዚህ ዘመን ማን ወረቀት ያነባል? ቴሌግራም ቻናል ከፍታችሁ ብትለቁት ከተማው በሙሉ ያነበው ነበር። መምህራችሁን አናግሩት፣ በኦንላይን ይቀበላችሁ። ለወረቀት የምታወጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል።

የጋዜጣ_ልጅ
ወንድሜ፣ ኮርሱ የኅትመት ነው። ውጤቱ የሚሰጠው በታተመው ነው። ሐሳብህን ሌላ ቀን እንወያይበታለን፣ አሁን ግን ሰዓት የለኝም።

ቡና_በጠዋት
አልኩ እኮ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ጫኑና ክፈቱት።

ጋሼ_አራሚ
ልጆች፣ እኔ ጋዜጣ ቤት በአራሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ሲጀመር ኮምፒውተር አልነበረም። በእርሳስ ፊደል ዘመን ለቃሚው እያንዳንዷን ፊደል በእጁ ለቅሞ፣ መስመር ሠርቶ፣ መስመሩን አምድ አድርጎ ነበር ገጽ የሚያቆመው። ጋዜጣው ሲወጣ ታዲያ ፊደል አይጠፋበትም ነበር። ለምን? ከማተሚያው በፊት የሙከራ ወረቀት ይወጣል፣ አራሚ በቀይ እስኪርቢቶ ያርመዋል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይታረማል። ዛሬ ስክሪን ላይ ልክ ከመሰለ ያለቀ ይመስላችኋል። ስክሪን አይታመንም። ደግሞ ፊደሉ ተስተካከለ ማለት ጋዜጣው ተስተካከለ ማለት አይደለም። «ወደ ገጽ 6 ዞሯል» ያላችሁት ዜና እውነት ገጽ 6 ላይ አለ? ከፎቶው ሥር ያለው ስም ዜናው ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው? ገጽ 1 ላይ ያለው ቀንና በየገጹ አናት ያለው ቀን ይገጥማሉ? እነዚህን እስኪርቢቶ ይዛችሁ፣ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ እዩዋቸው። ፈተና ላይ የሚጥላችሁ ይሄ ነው።

የጅሬን_ልጅ
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ልጆቹ ገና የሚያርሙት ፊደል አላገኙም።

ማተሚያ_ቤት_ነኝ
ሰላም እህቴ። እኔ ቅድመ ኅትመት ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄ በየሳምንቱ የሚመጣብን ጉዳይ ነው። አፋን ኦሮሞው ደህና ነው ማለትሽ ጥሩ ነው፣ ችግሩን በደንብ ያሳያል። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የትም ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። አማርኛችሁ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

ሳጥን የሆነው በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ የተጻፈው ነው። ጽሑፉ አልጠፋም፣ ፎንቱ ብቻ ነው ያኛው ኮምፒውተር ላይ የሌለው። አማርኛ ያለበት የዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ፣ ብትሰጪው ወዲያው ይመጣል። ኒያላ ዊንዶውስ 7 ላይ አብሮ ይመጣ ነበር፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ሴቲንግ ገብተሽ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ራስሽ ነው የምትጨምሪው። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ማተሚያ ቤት መጥቶ ይደነግጣል።

የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ የሆነው ደግሞ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። እነዚያ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነው፣ ፎንቱ ነው ከላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚያለብሰው። ስለዚህ ለዚህኛው ኒያላ ብትጭኚም አይረዳሽም፣ ያው ዝብርቅርቁ ነው የሚቀጥለው። የተጻፈበት ፎንት ራሱ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ለዚያ ነው «ፎንት ጫኑ» ብቻ ማለት የማይበቃው፣ የቱን ፎንት?

አዌቱ_ማዶ
ሳጥኑን አንብቦ ኤ የሚሰጥ መምህር ካገኛችሁ እኔንም አስመዝግቡኝ 😂 ለማንኛውም አጋሮ ያለው ልጅ ላፕቶፑ አብሮት ነው አይደል? ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል። ደውሉለት፣ ፋይሉን እዚያው ከፍቶ ፒዲኤፍ ያድርገውና በቴሌግራም ይላክ። ፎንቶቹ ሁሉ እሱ ጋ ናቸው።

ማተሚያ_ቤት_ነኝ
አዌቱ_ማዶ ያለው ነው ትክክለኛው መንገድ፣ ከሁሉም ያ ይቅደም። ልጁ ኤክስፖርት ሲያደርግ ፕሬስ ኳሊቲ የሚለውን ይምረጥ። ያኔ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ይገባል፣ እኛ ጋ ምንም ፎንት ባይኖርም በትክክል ይወጣል። የሚያስቸግር ፎንት ካለ ጽሑፉን መርጦ ክሬት አውትላይን ይበለው፣ ፊደሉ ሥዕል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አይታረምም፣ ስለዚህ በኮፒው ላይ ይሁን፣ ዋናው ፋይል እንዳይነካ።

ገጾቹን ከ1 እስከ 8 በተራ፣ አንድ አንድ አድርጎ ይላክ። ሁለት ሁለት እያጣመራችሁ አትላኩ። ሲታጠፍ 8 ከ1 ጋር፣ 2 ከ7 ጋር፣ 6 ከ3 ጋር፣ 4 ከ5 ጋር ነው አንድ ወረቀት ፊት ላይ የሚውሉት። ያንን ማጣመር የእኛ ሥራ ነው።

ፎቶዎቹን ደግሞ ጠይቂ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ተልከው ከሆነ ተጨምቀዋል፣ ትልቅ አድርጋችሁ ካስገባችኋቸው ወረቀት ላይ ይደበዝዛሉ። እንደ ፋይል ይላኩ።

የጋዜጣ_ልጅ
አላህ ይስጥልኝ! ደወልኩለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። እዚያ መብራት የለም መሰለኝ። እስከ ማታ ካላገኘሁትስ?

ቡና_በጠዋት
ፓወር ግዕዝ።

የጅሬን_ልጅ
ካላገኘሽው እንዲህ አድርጊ። አምስታችሁም መጀመሪያ የጻፋችሁበት የዎርድ ፋይል እያንዳንዳችሁ ጋ አለ አይደል? ሰብስቡት። አንድ በአንድ ክፈቱና ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ በቀጥታ ወደ ኢንዲዛይን አስገቡት። ዝብርቅርቅ ካለ የድሮው ነው፣ ጸሐፊው በምን እንደጻፈው ይናገርና ፎንቱን ከራሱ ኮምፒውተር ኮፒ አድርጎ ያምጣ። ስልክ ላይ የተጻፈ ካለ አትጨነቁበት፣ እሱ ዩኒኮድ ነው። ኢንዲዛይን ራሱ የጎደለውን ፎንት ስም ይነግርሻል፣ ሲከፈት የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ዝም ብለሽ አትዝጊው፣ ፎቶ አንሺው። የጎደለው ቦታም ሮዝ ቀለም ተቀብቶ ታገኚዋለሽ።

ስልክ_ይበቃል
እሺ ወረቀቱ ይቅር አልልም። ግን ስንት ኮፒ ነው የምታሳትሙት? ለመምህሩና ለክፍላችሁ ከሆነ ለምን በኦፍሴት?

ማተሚያ_ቤት_ነኝ
ይሄ ጥያቄ ጥሩ ነው። ኮፒው ትንሽ ከሆነ ኦፍሴት አያዋጣችሁም፣ ገጹ የሚቀረጽበት የብረት ሰሌዳ፣ ፕሌቱ፣ ብቻውን ገንዘብ ይበላል፣ ጊዜም የለም። በዲጂታል ኤስሪ ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ አሳትማችሁ እጠፉት። የኤፎር መጠን ያለው ጋዜጣ ይወጣችኋል፣ 8 ገጽ ማለት ሁለት ወረቀት ነው። ገጹን በትልቁ መጠን ሠርታችሁት ከሆነ ግን ሲያንስ ጽሑፉ እንዳይደቅ አንድ ገጽ አስወጥታችሁ እዩ። ጋሼ እንዳሉት መጀመሪያ አንድ ሙሉ ኮፒ ብቻ ይውጣ፣ አንብቡት፣ ፈርሙበት፣ ከዚያ ቀሪው ይታተም።

ጋሼ_አራሚ
ተባረክ ልጄ። ልጆች፣ ያንን አንድ ኮፒ ጽሑፉን ያልጻፈ ሰው ያንብበው። የጻፈው ሰው ስህተቱን አያየውም፣ ዓይኑ ያልፈዋል። አምስት ከሆናችሁ ገጽ ተለዋወጡ።

የጋዜጣ_ልጅ
እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት እናደርጋለን። የሦስታችን ዎርድ ተሰብስቧል። የአንዷ ዝብርቅርቅ ነው፣ በቪዡዋል ግዕዝ ነው የጻፍኩት ብላለች፣ ፎንቱን ልታመጣ ዶርም ሄዳለች። የአጋሮውን ልጅ ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

አዌቱ_ማዶ
እናቱ ጋ ወይም ጎረቤት ጋ ደውሉ። አጋሮ እንኳን ሰው ይጠፋበታል እንዴ፣ ሚኒባስ ሾፌር ብትጠይቂ ራሱ ያገኝልሻል።

የመመረቂያ_ጽሑፍ
ይቅርታ ጥያቄሽ ላይ ገባሁ። እኔም መመረቂያ ጽሑፌ በቪዡዋል ግዕዝ ነው የተጻፈው፣ 90 ገጽ። አማካሪዬ ላፕቶፕ ላይ ዝብርቅርቅ ሆነ። እንደገና ልጻፈው ነው?

ማተሚያ_ቤት_ነኝ
ኧረ በፍጹም። ለአማካሪህ አሁን ፒዲኤፍ ላክለት፣ ያነበዋል። ለኋላው ግን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፣ መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ላይ ሞክረው። ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ከቀየርክ በኋላ በዓይንህ እያቸው፣ አንዳንዴ እነሱ ናቸው የሚበላሹት። የጋዜጣ_ልጅ፣ ልጁን አገኘሽው? እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የምንከፍተው፣ ሌላም ማተሚያ ቤት ብትሄዱ ከዚያ ብዙ አትዘግዩ።