አሚን ስጨምርበት ከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ ቀነሰብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጥናቴ ከቡና ገለባ በሚሠራ ከሰል ላይ ነው። ገለባውን አክስዬ፣ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ቀላቅዬ፣ ናይትሮጅን እያለፈበት በ700 ዲግሪ ሴልሺየስ አሞቅሁት። ከዚያ በአሲድና በውሃ አጠብኩት። የወጣው ጥቁር ዱቄት እፍ ቢሉት ይበናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዙንም ጥሩ አድርጎ ይይዝ ነበር።

ችግሩ የመጣው አሚን (ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚስብ፣ ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) ስጨምርበት ነው። ፖሊኢትሊንኢሚን የሚባለውን አሚን የበዛበት ፖሊመር በሜታኖል አሟሙቼ፣ ከጠቅላላ ክብደቱ 50 በመቶ እንዲሆን አድርጌ ነከርኩት። ሲደርቅ ዱቄቱ ተጓጎለ፤ ጣት ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። በ25 ዲግሪ ስለካው የሚይዘው ጋዝ አሚን ካልነካው ከሰል በጣም አነሰ። በ75 ዲግሪ ግን ትንሽ ይሻላል፤ ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው።

እኔ የጠረጠርኩት መደፈንን ነው። በእንዲህ ዓይነት ከሰል ጋዙን አጥብቀው የሚይዙት ከ1 ናኖሜትር በታች የሆኑት ቀዳዳዎች ናቸው። ፖሊመሩ አፋቸውን ከዘጋ ጋዙ በየት ይገባል? ሲሞቅ የሚሻለው ፖሊመሩ ስለሚላላ ይመስለኛል።

አሚኑን ወደ 10 በመቶ ላውርደው? ወይስ ትቼው ከሰሉን ከዩሪያ ጋር አሙቄ ናይትሮጅን ላስገባበት? የቀረኝ ፖሊመር ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ በሙከራ መጨረስ አልችልም። በእጃችሁ የሠራችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ስንት በመቶ እንደተጠቀማችሁ ንገሩኝ።