የ100 ዶላሯ ቫውቸር ድሃውን ተሰሚ አድርጋዋለች?

ተማሪዋ፦ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ የሲያትል ሰዎች። የሶሾሎጂ ዶክትሬት ጥናቴ ሀብታምና ድሃ በምርጫ ላይ ስላላቸው የተሰሚነት ልዩነት ነው። እንደምታውቁት ከተማችን በምርጫዋ ዓመት ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ አራት ባለ 25 ዶላር የዴሞክራሲ ቫውቸር በፖስታ ትልካለች። ለፈለጋችሁት እጩ ትሰጣላችሁ፣ እሱ ከከተማው ገንዘቡን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ፣ በ2017 ሥራ ጀመረ፣ በኦገስት 2025 ለሌላ አስር ዓመት ታደሰ። ደግ ሆነ ወይስ አልሆነም? ሳትሳደቡ።

የቢኮን ሂሉ፦ እኔ አልሆነም ባይ ነኝ። ሲጀመር በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ አሁን ጨምሯል። ከየት ይመጣል? ከቤት ግብር። ቤት የገዛሁት ሃያ ዓመት ሁለት ሥራ ሠርቼ ነው። የማልፈልገው እጩ በእኔ ብር ፖስተር ሲለጥፍ ማየት ያንገበግባል።

ሌሊት ነጂ፦ ተከራይስ ግብሩን አይከፍልም እንዴ ጋሼ? ባለቤቱ ኪራይ ላይ ነው የሚጭነው። የእኔ በየዓመቱ ሲጨምር ነው የማውቀው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ ያነሱት ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሁለት የንብረት ባለቤቶች «የማንደግፈውን ፖለቲካ በግብራችን አትደግፉብን» ብለው ከሰሱ። በ2019 የዋሽንግተን ስቴት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ።

የቢኮን ሂሉ፦ ፍርድ ቤት ስለፈቀደ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሌላም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ቫውቸር ያገኛል። መምረጥ የማይችል ሰው እንዴት ገንዘብ ይመድባል?

ሌሊት ነጂ፦ የሚወራው ስለ እኔ ነው 😀 ፎርም ሞልቼ ነው ያገኘሁት። ሕጉ ድሮም ግሪን ካርድ ያለውን ከኪሱ እንዳይሰጥ አልከለከለውም። ሺህ ዶላር ያለው ዜጋ ያልሆነ ሀብታም ሲሰጥ ማንም አልጮኸም። እኔ 100 ዶላር ሳገኝ ነው ነገሩ የከበደው?

የቢኮን ሂሉ፦ ይቺን አላሰብኳትም። ግን የእሱ ከገዛ ኪሱ ነው። ያንተ ከእኔ ኪስ ነው።

የሬይኒየር ቢቿ፦ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አስራ ሁለት ዓመት እዚህ ሰፈር ስኖር በሬን ያንኳኳ እጩ አልነበረም። ቫውቸሩ ከመጣ ወዲህ አንዷ እጩ የላከችው ልጅ አቦል ላይ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ተቀመጠ። ስለ አውቶቡሱ መቅረት፣ ስለ ልጆቹ መጫወቻ ነገርነው። ጻፈ። በረካ ላይ የአምስት ሴት ፊርማ ይዞ ወጣ። ፈንዲሻውንም ጨረሰው። እጩዋ ተሸነፈች እንጂ።

ነገር ቆፋሪ፦ ቡናው ደስ ይላል፣ ብሩ ግን ሌላ በር አለው። እጩው ቫውቸር ሲቀበል በወጪ ጣሪያ ይገደባል። ከጎኑ ሆኖ ለብቻው የሚያወጣው ቡድን ግን ጣሪያ የለበትም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ኩባንያና ማኅበር እንዲያፈስ ፈቅዷል። አማዞን በ2019 በከተማችን ምክር ቤት ምርጫ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ባለ 25 ዶላር ወረቀት በስንት ከረጢት ቆጥረን ነው የምንወዳደረው?

ሌሊት ነጂ፦ አማዞን የደገፋቸው አብዛኞቹ እጩዎች ተሸነፉ እኮ!

ነገር ቆፋሪ፦ ያኔ አበዛው፣ ሰው ተናደደበት። ሁልጊዜ እንዲያ አይሆንም። ደግሞ እኩልነትን የሚያጠፋው ብር ብቻ አይደለም። አገር ቤት በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ሲወስዱ የአማዞን ገንዘብ አልነበረበትም።

ተማሪዋ፦ 😂 ያ ሌላ ዶክትሬት ይፈልጋል። ወደ ሲያትል ልመልሳችሁ። የሚያሳስበኝ ከአማዞን ይልቅ ቆሻሻ ቅርጫቱ ነው። በ2017 ቫውቸሩን የተጠቀመበት ሰው ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ጥናቶች ሁለት ነገር አሳይተዋል። ቫውቸር ሰጪው ከጥሬ ገንዘብ ሰጪው ይልቅ መራጩን ይመስላል። እንዲያም ሆኖ በእድሜ ጠና ያለው፣ ነጩና ገቢው ሻል ያለው ይበዛል። እኩል ተልኮ እኩል አልተመለሰም። ለምን? መላሹ ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የጣለ ካለ ሳያፍር ይንገረኝ።

የሬይኒየር ቢቿ፦ እኔው። የመጀመሪያውን ጥያለሁ። ማስታወቂያ መስሎኝ። በእንግሊዝኛ፣ ወፍራም፣ ስሜ ላዩ ላይ። እንደዚህ ያለ ፖስታ ወይ ዕዳ ነው ወይ ፒዛ። በአማርኛ እንዳለው የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

የቢኮን ሂሉ፦ ታዲያ እኮ! ሰው ለማያነበው ወረቀት ነው የምከፍለው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የእርስዎስ የት ደረሰ?

የቢኮን ሂሉ፦ ... ሰጥቻለሁ። አራቱንም። ከከፈልኩ አይቀር ብዬ።

ሌሊት ነጂ፦ 😂😂😂

የሬይኒየር ቢቿ፦ ቆይ፣ የዘንድሮውን አሁን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፣ ከሱፐርማርኬት ኩፖን መሃል። አንደኛው ላይ ግን ትንሿ ልጄ አደይ አበባ ስላበታለች። ይሠራል?

ተማሪዋ፦ ፊርማና ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ካልሆነ ተስፋ አለው። ነገ ጠዋት ደውዬ እጠይቅልሻለሁ፣ እስከዚያ ቀሪውን ከእሷ አርቂልኝ።