የሙዚቃ ከተሞች የጎብኚን ቁጥር ሊገድቡ ይገባልን?

አወያይ፦ በሙዚቃቸውና በታሪካቸው ስማቸው የገነነ ከተሞች፣ ያንኑ ሙዚቃና ታሪክ ፍለጋ የሚጎርፈውን ጎብኚ በክፍያና በክልከላ ሊገድቡ ይገባል ወይስ አይገባም? ቬኒስ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት፣ ውለው ከሚመለሱ ጎብኚዎች 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ መሰብሰብ መጀመሯ ጥያቄውን አጡዞታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑልን።

ሀ፦ ሊገድቡ ይገባል ባይ ነኝ። በቬኒስ ታሪካዊ ክፍል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከ170 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ግን ቁጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወረደ። መንስኤው ጎብኚ ብቻ ነው አልልም፤ የባሕሩ ጎርፍ፣ የቤት እድሳት ወጪና የሥራ ዕድል ወደ የብስ መሸሹም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ዝነኛው የሙዚቃ ደራሲ ቪቫልዲ ያስተምር የነበረው በፒየታ፣ ማለትም ተጥለው የተገኙ ሕፃናትን በምታሳድገው ተቋም ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዎቹን ይጫወቱለት የነበሩትም እዚያው ያደጉ የከተማዋ ሴት ልጆች ናቸው። ልጅ የማይወለድባት ከተማ ይህን ከየት ታመጣዋለች?

ለ፦ እኔ ደግሞ ሙዚቃውን ያሳደገው እንግዳው ነው እላለሁ። የመሳፍንት አዳራሽ ጌጥ ሆኖ የቆየው ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን የሚቀርብ ትያትር፣ ትኬት ለገዛ ሁሉ የተከፈተው በ1637፣ በዚያችው በቬኒስ፣ በሳን ካሲያኖ ቲያትር ነበር፤ ወንበሮቹን ከሚሞሉት መካከልም ለካርኒቫል ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስም በ1961 ፕሪዘርቬሽን ሆል የተባለው የጃዝ አዳራሽ ሲቋቋም፣ ዘመን አልፎባቸዋል የተባሉ አንጋፋ የጃዝ ተጫዋቾች እንደገና መድረክና አድማጭ አገኙ። በዚያ ላይ 5 ዩሮ ባለጸጋውን ከጉዞው አያስቀረውም፤ የሚከብደው ሳንቲሙን ቆጥሮ ለሚጓዘው ወጣት ነው።

ሐ፦ ሁለታችሁም የተከራከራችሁት ስለ መግቢያ በር ነው፤ እኔ ግን ነገሩ ያለው መኝታ ቤቱ ላይ ይመስለኛል። የፖርቱጋሏን ሊዝበንንና ፋዶ የተባለውን የከተማዋን ዘፈን እንመልከት። አልፋማ በተባለው አሮጌ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ካሉት የፋዶ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ዘፈኑ ሊጀመር ሲል መብራቱ ደብዘዝ እንደሚል፣ አስተናጋጆቹ ምግብ ማቅረባቸውን እንደሚያቆሙና ታዳሚው ጸጥ እንዲል እንደሚጠየቅ ያያል፤ ከዚያም ዘፋኙ ቆሞ፣ ባለ 12 ክሩ የፖርቱጋል ጊታርና ባለ ስድስት ክሩ ጊታር ተከትለውት፣ ያለ ማይክሮፎን ጭምር ሊዘፍን ይችላል። ይህ ለጎብኚ የተሰናዳ ትርኢት ነው የሚል ካለ በከፊል ልክ ነው፤ መንግሥት በ1927 ባወጣው ደንብ ዘፋኞች የሙያ ፈቃድ እንዲይዙ ከተገደዱ ወዲህ፣ ፋዶ በብዛት የተደራጁ ቤቶች ሥራ እየሆነ ሄዷል። ይሁን እንጂ ከዚህ ጎን ለጎን የሰፈሩ ሰዎች በመሸታ ቤት ተሰብስበው ተራ በተራ የሚዘፍኑት ሌላ ፋዶ አለ። ይኸኛው ክፍያ ሳይሆን ጎረቤት ይፈልጋል።

አልፋማ ሊዝበንን ባወደመው በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሌሎቹ ሰፈሮች ይልቅ የተረፈ ሰፈር ነው። ከዚያ ሁሉ ያመለጡት ቤቶች በዘመናችን አንድ በአንድ ለጎብኚ የአጭር ጊዜ ኪራይ ሲውሉ ግን ግድግዳው በቦታው ቀርቶ ነዋሪው ወጣ። ዩኔስኮ በ2011 ፋዶን በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ያሰፈረው እንደ ሕያው ልማድ ነው፤ ልማዱን የሚሸከሙት ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ከተገፉ ዝርዝሩ ምን ይጠብቃል? ከተማዋ በ2018 በአልፋማ፣ በሞራሪያና በሌሎች አሮጌ ሰፈሮች አዲስ የኪራይ ፈቃድ መስጠት ያቆመችው ይህን በማየት ነው። ዘግይታለች፤ ያነጣጠረችው ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ጎብኚው ይምጣ፣ ያድምጥ፣ ይክፈልም፤ አልጋው ግን የአያትየዋን ክፍል አይተካ።

ለ፦ የሊዝበኑን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ለጎብኚ አንስጥ። በእንግሊዟ ሊቨርፑል የዝነኛው ባንድ የቢትልስ መነሻ የነበረው፣ በምድር ቤት የሚገኘው የካቨርን ክለብ በ1973 ሲዘጋና ሲፈርስ ጎብኚ አላፈረሰውም፤ በ1984 በዚያው መንገድ ላይ ዳግም ሲሠራ ግን ያንን ቦታ ለማየት የሚመጣው ሰው አንዱ ምክንያት ነበር። ሊቨርፑል በ2021 ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተሰረዘችውም በወደቧ ዳርቻ በተካሄደው አዲስ ግንባታ ሳቢያ ነው።

ሐ፦ ስለ ሊቨርፑል ልክ ነዎት። ቢሆንም ዳግም የተሠራ ምድር ቤት የትላንቱን ያስታውሳል እንጂ የነገውን ባንድ ለማፍራቱ ዋስትና የለውም። ለዚያ ሙዚቀኛው በአቅሙ የሚከራየው ክፍል ያስፈልገዋል። ሊዝበን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በአንድ ሌሊት 4 ዩሮ ያደረሰችውን የጎብኚ ግብር ለዚህ ብታውለው ተቃውሞ የለኝም።

ሀ፦ የመግቢያ ክፍያውን ልተወው እችላለሁ፤ ሦስተኛው ተናጋሪ ያቀረቡት የአልጋ ገደብ ግን በከተማዋ የማያድረውን አይነካም። በመርከብ መጥቶ፣ ጥቂት ሰዓታት ተመላልሶ፣ ማታ ወደ ካቢኑ የሚመለስ ሰው አልጋ አልተከራየም፣ ከሌሊት ግብሩም ያመልጣል፤ የማታውን ሙዚቃም ሳይሰማ ይሄዳል። ቬኒስ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ25 ሺህ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ጁዴካ በተባለው የከተማዋ ቦይ እንዳያልፉ የተከለከሉባት ስለሆነች፣ በበሩ ላይ የሚደረግ ገደብ ጨርሶ ከንቱ ነው የሚለውን አልቀበልም። ለእነዚህ ጎብኚዎች ሦስተኛው ተናጋሪ ምን መፍትሔ አላቸው?